ወለድ ወለድን ሲወልድ

አማርኛ ቃል ሲያወጣ አንዳንድ ጊዜ ከፈላስፋው ይቀድማል። ተበዳሪ በተበደረው ላይ አክሎ የሚመልሰውን ገንዘብ «ወለድ» ብሎ ሲሰይመው፣ ገንዘብ እንደ ላምና እንደ በግ ይወልዳል ማለቱ ነው። የጥንት ግሪኮችም ወለድን የሚጠሩበት «ቶኮስ» የተባለው ቃል ትርጉሙ «የተወለደ» ነበር። አርስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው ይህንኑ ስም ይዞ ነቀፌታውን ሰንዝሯል። ገንዘብ ለመለዋወጫ እንጂ ለመዋለጃ አልተበጀምና፣ ገንዘብ ገንዘብን ሲወልድ ከማትረፊያ መንገዶች ሁሉ ከተፈጥሮ እጅግ የራቀው እርሱ ነው አለ። የእኛም ሊቃውንት በግእዝ «ርዴ» የሚሉትን አራጣ ከኃጢአት መድበውት ኖረዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት ይከለክለዋል። እስልምናም «ሪባ» ብሎ በጥብቅ ያወግዘዋል።

ነገሩ ያረጀ ክርክር ይመስላል። ይሁንና በዘመናችን አንድ አዲስ ነገር ተጨምሮበታል። ዱሮ ወለድን የሚያዋልደው አበዳሪው ራሱ ነበር፤ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በጣቱ እየቆጠረ። ዛሬ አዋላጁ ኮምፒዩተር ነው። ለአዋላጁ ደግሞ ትእዛዝ የሚጽፍለት ሰው አለ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እርሱን ይመለከታል። ለመሆኑ የወለድ ወለድ የሚያሰላ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ሒሳብ ብቻ ነው? ወይስ ሳያውቀው ፍርድ እየሰጠ ነው?

ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ወጣት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ ይኸው የወለድ ወለድ ማስሊያ ነው። ቀላል ነውና። ትእዛዙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ ዋናውን ገንዘብ ውሰድ፤ በወለዱ መጠን አባዛ፤ ያገኘኸውን ከዋናው ጋር ደምር፤ ድምሩን እንደ አዲስ ዋና ቆጥረህ እንደገና ጀምር። አራት ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ በላይ የለውም። ዘዴው ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። ትናንት ልጅ የነበረው ወለድ ዛሬ ከእናቱ ጋር ተቆጥሮ እርሱም ይወልዳል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሒሳብ የተነገረ ይመስላል። አንድ ሰው 10,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። ወለዱ የሚቆጠረው በዋናው ላይ ብቻ ከሆነ በ12ኛው ወር ዕዳው 22,000 ብር ይደርሳል። ወለዱ እየተደመረ ወለድ የሚወልድ ከሆነ ግን 31,384 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 98,497 ብር፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 309,126 ብር። ያለ ወለድ ወለድ በሦስት ዓመት የሚደርሰው 46,000 ብር ብቻ ነበር። እንቁላሉ በእግሩ መሄድ ብቻ ሳይሆን መሮጥ ጀመረ ማለት ነው።

ሒሳቡ ልክ ነው፤ ማንም አያስተባብለውም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ወጣት ግን አራቱን ዐረፍተ ነገር ጽፎ ሳይጨርስ ሒሳብ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው፦ ወር ማለት ምንድን ነው? እኛ 13 ወር አለን። ወለዱ በወር የሚታሰብ ከሆነ ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ትቆጠራለች? ደመወዝተኛው ለአምስት ቀን የተለየ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ተበዳሪው ግን ለአምስት ቀን የወር ወለድ ሊከፍል ነው? ኮምፒዩተሩ ስለዚህ ግድ የለውም። 12 ብትለው 12፣ 13 ብትለው 13 ጊዜ ያባዛል። ከላይ ባነሣነው ብድር ላይ የአንዷ ጳጉሜን ልዩነት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ3,000 ብር ይበልጣል።

ሁለተኛው፦ ወለዱ ከዋናው ጋር የሚደመረው በየስንት ጊዜው ነው? የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1683 ይህን ጥያቄ መርምሮታል። በእኛ ገንዘብ እንናገረውና፣ 1 ብር በዓመት 100 በመቶ ቢወልድ በዓመቱ መጨረሻ 2 ብር ይሆናል። በየመንፈቁ ቢደመር 2 ብር ከ25፣ በየወሩ ቢደመር 2 ብር ከ61፣ በየቀኑ ቢደመር 2 ብር ከ71 ሳንቲም። በየደቂቃው፣ በየቅጽበቱ ቢደመር እንኳ ከ2.718 ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ከሚገኘው ልክ አያልፍም። በርኑሊ የደረሰበት ይህ ቁጥር በሒሳብ ዓለም ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ለተበዳሪ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። «በዓመት ይህን ያህል በመቶ» የሚለው ቃል ሳይለወጥ፣ የመደመሪያውን ጊዜ በማሳጠር ብቻ ዕዳውን ማሳደግ ይቻላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ስለ ትርፍራፊ። ማባዛቱ ሁልጊዜ በሙሉ ሳንቲም አያልቅም። ግማሽ ሳንቲም፣ ሩብ ሳንቲም ይተርፋል። ወደ ላይ ይጠጋጋ ወይስ ወደ ታች? ለአንድ ሰው ከቁጥር አይገባም፤ ለሚሊዮን ሰው ሲሆን ግን የሚገባበት ኪስ አለ። በዚያ ላይ ኮምፒዩተር ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ ስለሚጽፍ አንድ አሥረኛን እንኳ በትክክል መያዝ አይችልም። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራመር ገንዘብን በብር ሳይሆን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይቆጥራል። ይህ እንግዲህ የሙያ ሐቀኝነት ነው።

አራተኛው ጥያቄ ግን ከሙያ ያልፋል፦ ሰውየው መክፈል ያቃተው ቀን ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? ይህን ለመመለስ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተነሥተን ወደ ገበያ መውረድ ይኖርብናል።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወርደው መንገድ ለብዙ ዓመታት የኖረው አትክልት ተራ የጅምላ ንግዱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ተዛውሯል። ገበያ ሲዛወር ሚዛኑና ሳጥኑ በመኪና ይጫናል፤ የበሰበሰው ተጠርጎ ይጣላል፤ ዕዳ ግን ማንም ሳይጭነው አብሮ ይሄዳል። የቦታ ነገር ይህን ያህል ነው። የንግዱ ጠባይ ግን የትም ቢሄድ ያው ነው። ቲማቲሙ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ በአይሱዙ ተጭኖ ሌሊት ይገባል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይራገፋል፤ በማለዳ ከጅምላ ወደ ቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪ ወደ ጉልት ይተላለፋል። ሁሉም የሚሽቀዳደመው ከፀሐይ ጋር ነው። ጨርቅ ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ይሸጠዋል። የቲማቲም ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠው ነገ ዋጋው ይወርዳል፤ ከነገ ወዲያ ይደፋል።

እንግዲህ አንዲት ጉልት ቸርቻሪ ጠዋት 1,000 ብር ተበድራ ማታ 1,050 ብር ትመልሳለች እንበል። ወለዱ በቀን 5 በመቶ ነው። ከባድ ነው፤ ግን ትችለዋለች። በ1,000 ብር የገዛችውን በ1,200 ብር ሸጣ፣ ዕዳዋን ከፍላ፣ 150 ብር ይዛ ወደ ልጆቿ ትገባለች። በነጋው እንደገና ትበደራለች። በዓመት 300 ቀን ብትሠራ የከፈለችው ወለድ 15,000 ብር ይሆናል። ይኸው 1,000 ብር፣ በዚሁ በቀን 5 በመቶ፣ ሳይከፈል 300 ቀን ቢዋለድ ስንት ይደርሳል? አራቱን ዐረፍተ ነገር የያዘው ፕሮግራም ይመልስልናል፦ ከ2 ቢሊዮን ብር በላይ።

በ15,000 ብርና በ2 ቢሊዮን ብር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የወለዱ መጠን አንድ ነው፤ ዋናው አንድ ነው፤ ቀኑም አንድ ነው። ልዩነቱ ሴትየዋ በየማታው መክፈሏ ብቻ ነው። እስከከፈለች ድረስ ወለድ አይወልድም። አሁን ደግሞ ከቀኖቹ በአንዱ ዝናብ ዘነበ፣ ገበያተኛ ጠፋ፣ ቲማቲሙ ላሸቀ እንበል። በ600 ብር ሸጠችው። እርሱን ለአበዳሪው ሰጥታ 450 ብር ቀረባት፤ 400 ከዋናው፣ 50 ከወለዱ። በማግስቱ ማታ ያቺ 50 ብር ራሷ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ትወልዳለች። የወለድ የልጅ ልጅ ተወለደች ማለት ነው። የተወለደችበትም ቀን ሴትየዋ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ቀን የገጠማት ዕለት ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። በባንክ ደብተሩ ያስቀመጠ ሰው ወለዱን ሳያወጣ ሲተወው ወለድ ወለድን ይወልዳል፤ ያ የትዕግሥት ፍሬ ነው። በገበያ ላይ ያለችው ሴት ግን ወለዱ የሚዋለድባት ስለታገሠች አይደለም፤ ስለተቸገረች ነው። ቀመሩ አንድ ነው። ትዕግሥትንና መከራን አይለይም፤ ሁለቱንም «ያልተከፈለ ወለድ» ብሎ ይደምራቸዋል። ለይቶ ማወቅ የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ስል አበዳሪውን ሁሉ ጅብ አድርጎ መሳል አይገባም። ለቲማቲም ቸርቻሪዋ ባንክ አያበድራትም፤ ቤት ወይም መኪና ለመያዣ የላትምና። አበዳሪው ያለ መያዣ፣ ብዙ ጊዜም በቃል ብቻ ይሰጣታል። ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ቢፈልግም ገበያው በእምነት ያድራል። ከሚያበድራቸው አንዷ ብትጠፋ የእርሷን የሚያካክሰው ከሌሎቹ ወለድ ነው።

በዚያ ላይ የዋጋ ንረትም ራሱ የወለድ ወለድ ነው። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ7 በመቶ የተቀመጠ 10,000 ብር በ10 ዓመት 19,671 ብር ይሆናል። ዋጋ ግን በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር ያኔ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 61,917 ብር ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ ዘመን ብዝበዛ የሚባለው የወለድ መጠን በሌላው ዘመን ለአበዳሪው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ከልክሏል። ድንበሩ መልካም ሐሳብ ነበረው፤ ነገር ግን በመቶኛው ቁጥር ብቻ ክፉና ደጉን መለየት አይቻልም።

ከወለድ ጨርሶ የሸሸ የሚመስለው ዕቁብ እንኳ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ። ዕጣውን ለቸኮለ ሰው በትርፍ የሚሸጥም ሞልቷል፤ ወለዱ በሌላ በር ገባ ማለት ነው። ዕቁብ ግን ቀመሩ የሌለው አንድ ነገር አለው፦ ዳኛ። አንዱ አባል ሱቁ ቢቃጠል ወይም ሐዘን ቢደርስበት ዳኛውና አባላቱ ተመካክረው ዕጣ ሳይጣል ተራውን የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ጊዜን የሚቆጥረው ደብተሩ ነው፤ መከራን የሚያየው ዳኛው ነው።

የጥንት ሕግ አውጪዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከ3,700 ዓመት በፊት ባስቀረጸው ሕግ፣ የተበዳሪ ገበሬ እርሻ በጎርፍ ወይም በድርቅ ቢጠፋ በዚያ ዓመት ለአበዳሪው እህል አይሰጥም፤ የዚያንም ዓመት ወለድ አይከፍልም። የሮማ ሕግ ደግሞ የተጠራቀመው ወለድ ከዋናው ጋር እኩል ሲሆን ማደጉ እንዲቆም አድርጓል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ወለድ ወለድ እንዳይወልድ ጨርሶ ከለከለ። ይህ የሮማ ድንበር በደቡብ አፍሪካ እስከ ዛሬ ሕያው ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የብድር ሕግ ተበዳሪ መክፈል ካቆመበት ቀን ወዲህ የሚቆለልበት ወለድና ወጪ፣ ያቆመ ዕለት ከነበረበት ዋና ዕዳ እንዳይበልጥ ወስናለች። በእኛም አገር በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና ተከታዮቹ ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ «ሙራባሃ» የሚባለው ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ይሸጣል፤ ያ ዋጋ ቀን ስላለፈ አያድግም። መንገዶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም ግን ወለድ በሆነ ቦታ ላይ «በቃ» መባል እንዳለበት ይስማማሉ።

የእኛ የወንጀል ሕግም ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር ተጠቅሞ በአራጣ ማበደርን ያስቀጣል። ነገር ግን አራጣ ወረቀት ላይ ስሙን አይጽፍም። አበዳሪው 8,000 ብር ሰጥቶ 10,000 ብር ተቀበልኩ ያሰኛል፤ ወይም ወለዱን ከዋናው ደምሮ ቀኑ ወደፊት የሆነ ቼክ ያስፈርማል። ተበዳሪው ካልከፈለ የሚከሰሰው በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ በመስጠት ነው። ወለዱ ተሰወረ፤ ወንጀለኛውም ተለወጠ። አዲስ አበባ ለአራጣ አበዳሪዎች «ወርልድ ባንክ» እና «አይ.ኤም.ኤፍ» የሚል ቅጽል ስም ስታወጣ የቀለደች ብትመስልም፣ ስሙ የያዘው ፍርሃት ቀልድ አልነበረም።

አሁን ወደ ፕሮግራመሩ እንመለስ። «እኔ ሒሳቡን ነው የጻፍኩት፤ የሚጠቀምበት ይጠየቅ» ሊለን ይችላል። ከፊሉ እውነት ነው። ሚዛን ሠሪ ሚዛኑ ልክ እስከሆነ ድረስ በነጋዴው ሌብነት አይጠየቅም። ሆኖም ሚዛን በገበያ የሚቀመጠው ገዢም ሻጭም በሚያዩት ቦታ ነው። የወለድ ማስሊያ ግን ብዙ ጊዜ ፊቱን ወደ አበዳሪው ያዞረ ሚዛን ነው። ተበዳሪዋ የምትሰማው «በቀን 50 ብር ብቻ» የሚለውን ነው፤ ብትወድቅ በወሩ መጨረሻ 1,000 ብሩ 4,321 ብር እንደሚሆን የሚነግራት የለም። ስለዚህ የፕሮግራሙ ጸሐፊ የመጀመሪያ ግዴታ፣ ገንዘቡ እጇ ሳይገባ የከፋውን ቀን ሒሳብ በምታነበው ቋንቋ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ግዴታ አምስተኛውን ዐረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ ወለዱ ከዋናው ጋር ሲተካከል፣ ቁም። ከላይ ባየነው የ10,000 ብር ብድር ላይ ይህ ዐረፍተ ነገር ቢጨመር ዕዳው በስምንተኛው ወር 20,000 ብር ላይ ይቆማል፤ 309,126 ብር አይደርስም። ለኮምፒዩተሩ አንድ መስመር ናት፤ ለሰውየው ግን የሚከፈልና የማይከፈል ዕዳ ልዩነት ናት።

ይህ ዛሬ ከትናንት ይልቅ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ብድር በስልክ መምጣቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። ያለ መያዣ ለኖረ ሰው በር ተከፍቶለታልና የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በኛ ባህል ዕዳ የጠናበት ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ አበዳሪው ቤት ገብተው፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ወለዱን ተውለት፤ ዋናውን ይስጥህ» ይላሉ። ጨካኙም ሰው ቢሆን ጎረቤቱን ያፍራል። ለፕሮግራም ግን ሽማግሌ አይላክም። ዱሮ ከዕዳው በኋላ ይመጣ የነበረው ምሕረት አሁን ከዕዳው በፊት፣ ትእዛዙ ሲጻፍ፣ አብሮ መጻፍ አለበት። ያኔ ካልተጻፈ ኋላ የሚገባበት በር የለውም።

አምስተኛው ዐረፍተ ነገር በነፃ አይመጣም። የወለዱ ጣሪያ የታወቀ አበዳሪ ይጠነቀቃል፤ ያበድራቸው ከነበሩት ጥቂቶቹን አላበድርም ይላል። ከእነርሱ መካከል አንዷ የእኛ ቲማቲም ቸርቻሪ ልትሆን ትችላለች፤ ያን ጠዋት ሳጥኗን ሳትሞላ ትመለሳለች። ይህን መካድ አይገባም። ግን ሌላውንም ወገን እንመልከት። በ10,000 ብር ቲማቲም የከሰረ ሰው 309,126 ብር ከየት ያመጣል? አበዳሪውም ያንን ገንዘብ እንደማያገኘው ያውቃል። ታዲያ ቁጥሩ ለምን ያድጋል? አንድ ልክ ካለፈ በኋላ ቁጥሩ የገንዘብ ዋጋ መሆኑ ይቀርና በሰውየው ላይ የተያዘ ሥልጣን ይሆናል። ሱቁን ለመውሰድ፣ ጉልበቱን ለማዘዝ፣ ባየው ቁጥር አንገቱን ለማስደፋት የሚያገለግል ሥልጣን። ብድር ግን ከመጀመሪያው የገንዘብ ውል ነበር፤ በሰው ላይ ለመሠልጠን ማንም አልተዋዋለም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ወጣት «ቁም» የምትለውን መስመር ሲጨምር ለአበዳሪው ገንዘቡን ከነወለዱ ይሰጠዋል፤ የሚከለክለው ያልተዋዋለበትን ብቻ ነው።